የእኛ መስመር

ስለ ፈረቃው ዘመን የሚያወራ ሰው ሁሉ ከተረት ይጀምራል። መብራት ሲጠፋ ቤተሰቡ ሻማ ከቦ ይቀመጥ ነበር፣ አያት ተረት ትተርት ነበር፣ ሰው ከሰው ጋር ይጫወት ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ኮከብ ይታይ ነበር ይላል። ኮከቡ እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። ተረቱ ግን እኔ ባደግሁበት ጨርቆስ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ሊጥ ነው። መጋገሪያው ቀን በጨለማ ያለፈበት፣ ኩፍ ብሎ ክዳኑን የገፋ፣ በቡሃቃው ጠርዝ እየወረደ ወለሉ ላይ የደረቀ ሊጥ። እናቴ በጣቷ ጠንቁላ ትቀምሰውና ፊቷን ታጨማድዳለች። ያን ዕለት ማታ ከእሷ ጋር ተረት ቀርቶ «ደህና እደሪ» መባባልም ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ግቢያችን የቀበሌ ነው። ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ ቆጣሪ። ቆጣሪው በግቢው አንጋፋ በእቴቴ ስም ነበር፤ ስለዚህም የመብራት ነገር ሁሉ በእሳቸው ችሎት ይታያል። ቢል ሲመጣ የሚከፈለው በአምፖል ነው። አምፖል ያለው ይህን ያህል፣ ቴሌቪዥን የጨመረ ይህን ያህል፣ ምጣድ ያለው ደግሞ የሁሉንም እጥፍ። ካውያ ክልክል ነው። ክልክል ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ ቅዳሜ ማታ በሩን ዘግቶ የማይተኩስ ወጣት አልነበረም። እቴቴ ይህን ሲጠረጥሩ ማንንም አይጠይቁም። ነጠላቸውን ደርበው ወጥተው ከቆጣሪው ሥር ይቆማሉ። መስታወቱ ውስጥ ጠርዟ ላይ ቀይ ምልክት ያላት ስስ ክብ ብረት አለች። በአምፖልና በሬዲዮ ጊዜ ዝግ ብላ ነው የምትዞረው፤ ቀይዋ ምልክት ተመልሳ እስክትመጣ ሰው ጸሎት ያደርሳል። ካውያ ሲሰካ ትፈጥናለች። ምጣድ ሲሰካማ ምልክቷ ዓይን ላይ አትያዝም። «ማነው ካውያ የሰካ?» የሚለው የእቴቴ ድምፅ ከስድስቱ ቤት አምስቱን ንጹሕ፣ አንዱን ጸጥተኛ ያደርገዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይበላል። በዚያ ዘመን ቤታችን የነበረው አምፖል 60 ዋት ነው፤ ስለዚህ እናቴ ስትጋግር ወደ ስልሳ የሚጠጋ አምፖል እንዳበራች ይቆጠራል። ግቢው ውስጥ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ከተሰካ ቫልቮላው ይቃጠላል። ይህ እንዳይሆን ለየቤቱ አንድ አንድ ቀን ተመደበለት፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን፣ ስድስት ቤት። እሑድ የማንም አልነበረም። የእኛ ቀን ረቡዕ ነው። ይህን የማነሳው ከተማው ፈረቃ ከመጀመሩ በፊት ግቢያችን የራሱ ፈረቃ እንደነበረው ለመናገር ነው፤ ዳኛውም፣ ቅጣቱም፣ ይግባኙም በቦታው ነበር።

1995 ዓ.ም. ነው። ክረምቱ ሳይጥል ቀርቶ አገሩ በድርቅ ተመቷል። በጋው ሲገፋ ግድቦቹ ጎደሉና ኤሌክትሪክ በፈረቃ እንደሚሆን ተነገረ፤ እያንዳንዱ ሰፈር በሳምንት አንድ ቀን ሊጠፋበት ነው። የሰፈሮቹ ዝርዝር ወጣ። የእኛ ሰፈር ቀን ረቡዕ ሆነ።

እናቴ ይግባኝ አለች። ችሎቱ ከቧንቧው አጠገብ ነው የተቀመጠው፤ እቴቴ በርጩማ ላይ፣ ሌላው ቆሞ። እሑድን ውሰጂ ተባለች። እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ዕድር አለ፣ አልችልም አለች። በመጨረሻ የማክሰኞዋ ጎረቤታችን ዶሮ ሲጮህ ተነስታ እስከ ረፋድ ጋግራ እንድትጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለእናቴ እንዲሆን ተወሰነ። ፍርዱ ደህና ፍርድ ነበር። ጎረቤታችን ግን ለወራት እናቴን በሙሉ ዓይኗ አላየቻትም።

እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ በስተቀኝ ባለው ቤት፣ መብራቱን የሚያጠፋው ሰው ይኖራል። ጋሼ የማከፋፈያ ጣቢያ ኦፕሬተር ነበር። ቃሊቲ በፈረቃ ይሠራል፤ አንድ ሳምንት ሌሊት፣ አንድ ሳምንት ቀን። ሌላው ሰው ስለ መብራት የሚያውቀው ሄደ ወይም መጣ የሚለውን ነው። ጋሼ የት እንደሄደ ያውቃል።

እሱ እንደነገረን ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው እንደ አንድ ቤት ባንድ ገመድ አይበራም። ከግድቦቹ የሚመጣው ከፍተኛ መስመር ከከተማው ጫፍ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ያርፋል። እዚያ ትልልቆቹ ትራንስፎርመሮች ቮልቱን ወደ 15 ሺህ ያወርዱትና በየአቅጣጫው በሚሄዱ መስመሮች ይለቁታል፤ ፊደር ይባላሉ። ፊደሩ መንገድ ለመንገድ ሄዶ በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ትንሽ ትራንስፎርመር ይደርሳል፤ እሱ ደግሞ ወደ 380 እና 220 አውርዶ ለየቤቱ ያድላል። ፈረቃ ማለት የፊደር ተራ ነው። ጋሼ ፊት ለፊት ግድግዳ የሚያህል ሰሌዳ አለ፤ እያንዳንዱ ፊደር እዚያ ላይ ስምና ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ስልክ ይደወላል፤ ይህን ያህል ሜጋዋት ቀንስ ይባላል። እሱ የቀኑን ዝርዝር ያያል፣ እጀታውን ይይዛል፣ ያዞራል። ከውጭ ከብረት ሳጥኑ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያቺ ጧ አንድ ቀበሌ ናት።

«ባታጠፋውስ?» አልኩት አንድ ቀን። ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ማትሪክ በደረሰ ሰዓት በኩራዝ የሚያጠና ሰው ጥያቄው ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ሰሌዳው ላይ አንድ መርፌ እንዳለች ነገረኝ። ሄርዝ የምትለካ ናት፤ 50 ላይ መቆም አለባት። ተርባይኖቹ ከሚሰጡት በላይ ከተማው ሲጎትት ተርባይኖቹ ይደክማሉ፣ መርፌዋም ትወርዳለች። 49 ከግማሽ ሲሆን ጣቢያው ውስጥ ጨዋታ ይቆማል። እሷን ዝም ብለህ ካየሃት ማሽኖቹ ራሳቸውን ለማዳን አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፣ እነሱም ይወጣሉ፣ አገሩ በሙሉ ይጨልማል። «አህያ ጭነት ሲበዛባት ትቆማለች እንጂ ገደል አትገባም፤ ይቺ ግን ትገባለች» አለ። ስለዚህ ጨርቆስን አጥፍቶ ከተማውን ያድናል። ቀጥሎም፣ «እጀታውን ስይዝ የሚታየኝ ግን ከተማው አይደለም፤ እቴቴ ናቸው» አለ።

እቴቴም አላሳፈሩትም። ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ በሩ ላይ ይጠብቁታል። «አንተ ልጅ፣ በእጅህ አጥፍተህብን መጥተህ ደግሞ ሻይ ትላለህ?» ሻዩን ግን ይሰጡታል፤ በከሰል የፈላ።

የውኃውን ነገር ያወቅኩት ከእሱ ነው። ትምህርት ቤት ያስተማሩን ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. አካባቢ ቤተ መንግሥታቸውን በጀነሬተር እንዳበሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መብራት ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝብ እንዴት እንደወረደ የነገረን የለም። ጋሼ ግን ጣቢያዎቹን እንደ ዘመዶቹ ይጠራቸዋል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው አባ ሳሙኤል አለ፤ 6.6 ሜጋዋት ብቻ፣ ያኔ ሥራ ያቆመ። ቆቃ አለ፤ ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 43 ሜጋዋት። ከቆቃ በታች የአዋሽ ውኃ ሁለት ጊዜ ደግሞ ይሠራል፤ አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት፣ 32፣ 32። ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ጢስ ዓባይ። ቆቃም ሆነ ፊንጫ፣ መልካ ዋከናም ቢሆን በመስከረም ይሞላሉ፣ በጋውን ሙሉ ይጠጣሉ፣ ግንቦት ላይ የሚቀራቸው ሲቀንስ ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል። በ1995 እነዚህ ጣቢያዎች ሁሉም ሙሉ አቅማቸውን ቢሰጡ እንኳ ተደምረው 500 ሜጋዋት አይሞሉም ነበር። ለአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ ዋናው መስመር ለሚደርስበት አገር ሁሉ።

እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ የዝናብ ነገር ሌላ ሆነባት። ቆቃን የምታውቀው ወደ ናዝሬት ስትሄድ መንገድ ዳር በሚሸጥ ዓሣ ነው። መልካ ዋከናን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ባሌ አካባቢ መሆኑን እንኳ የነገርኳት እኔ ነኝ። ግን ጨርቆስ ላይ ሲዘንብ ደስ አይላትም፤ «እዚህ ምን ያደርጋል፣ እዚያ ይዝነብ እንጂ» ትላለች። ጋሼ ከሥራ ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው «ባሌ ጣለ?» ብላ ነው። የሚቲዮሮሎጂ ሰው ያገኘች ይመስል።

በየካቲት 1996 ግልገል ጊቤ አንድ ተመረቀ፤ 184 ሜጋዋት። አለፈልን አልን። እውነትም ለጥቂት ዓመታት አለፈልን። ከዚያ ከተማው ፎቅ ጀመረ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው በዛ፣ በየገጠሩ ከተማ መስመር ተዘረጋ። ጋሼ ይህን ያህል ምሰሶ ተተከለ ሲባል ሲሰማ ፊቱ አይፈታም ነበር። ለገጠሩ ሰው መብራት ስለ ደረሰ ቅር ብሎት አይደለም፤ መርፌዋ ናት የምትታየው።

በ2001 ዓ.ም. የመጣው ፈረቃ የ1995ቱን እንድንናፍቅ አደረገን። በሳምንት አንድ ቀን የነበረው አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም ሆነ። የዚያን ጊዜ እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባለ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ እጽፋለሁ። የክስ ማመልከቻ፣ የይግባኝ ቅሬታ፣ የውርስ አቤቱታ፤ ሰው ከጠበቃ ወይም ከራፖር ጸሐፊ በእጅ የተጻፈ ይዞ ይመጣል፣ እኔ በኮምፒውተር መትቼ አትሜ እሰጠዋለሁ። ፍርድ ቤቱ የመብራት ፈረቃ አያውቅም። ቀጠሮው ዛሬ ከሆነ ዛሬ ነው።

አሠሪዬ መጋዘን ውስጥ የተጣለ የእጅ ታይፕራይተር አወጡ፤ አቧራው ተራግፎ በማሽን ዘይት ታሸ። የአማርኛ ታይፕ የሚያውቅ ሰው ግን የለም፤ እኔ የተማርኩት የኮምፒውተሩን ነው፣ የፊደሉ አቀማመጥ ሌላ ነው። በመጨረሻ ጡረታ የወጡ አንዲት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከየት እንዳገኟቸው እንጃ አመጡ። ሴትዮዋ በጨለማው ቀን ንግሥት ነበሩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን አስገብተው፣ ሳያዩ ይመቱታል። ደንበኛው ተሰልፎ የሚጠብቀው እሳቸውን ነው፤ እኔ ወረቀት አቀብላለሁ። መብራት ባለበት ቀን ሲመጡ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጠው ኮምፒውተሩን በንቀት ያዩታል። ብዙም ሳይቆይ አሠሪዬ ትንሽ ጀነሬተር ገዙና የገጹ ዋጋ እጥፍ ሆነ፤ ሴትዮዋም ቀሩ። ጀነሬተሩ በር ላይ እየጮኸ ደንበኛና ጸሐፊ በጩኸት ነበር የምንነጋገረው፤ የሰው የትዳር ምስጢር በዚያ ድምፅ ሲነበብ መንገደኛው ሁሉ ይሰማዋል።

በዚያ ዓመት የተጎዳው ማን እንደሆነ መናገር ካለብኝ፣ ጀነሬተር መግዛት የቻለው አይደለም። ጎረቤታችን ያለው በያጅ ብየዳውን ወደ ሌሊት አዞረ፤ ሰፈሩ ብልጭታው እንቅልፍ ነሳን ብሎ ከሰሰው። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ጆንያ ነበር የሚሰለፈው፤ ሴቶቹ እህላቸውን ስም ጽፈውበት አስቀምጠው ይሄዳሉ፣ መብራት ሲመጣ ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን ይሮጣሉ። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አወጣ። በቀን የሚከፈለው ሠራተኛ ግን ምንም የሚያወጣው ነገር የለውም፤ ፋብሪካው ሲዘጋ የእሱ ቀን ይዘጋል። ፈረቃው አስተማረን፣ አቀራረበን የሚለውን ሰው ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ደመወዝህ በወር ነበር በቀን?

ፈረቃው ደግሞ ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም። ሆስፒታል የሚሄድ ፊደር አይጠፋም፣ የውኃ ፓምፕ ያለበት አይጠፋም። ሆስፒታሉ ያለበት መስመር ላይ ደግሞ ከሆስፒታሉ በፊትም በኋላም የተቀጠለ መንደር አለ፤ ቤቱ ሳይለፋ ይበራለታል። ደላሎች ይህን ለማወቅ ከመሐንዲሱ የቀደሙ ነበሩ። «ሁለት ክፍል፣ የግል መግቢያ፣ የሆስፒታል መስመር!» ይላሉ። ኪራይ ስጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ግን መብራት የማይጠፋበትን ሰፈር ሲያይ የሚለው ሌላ ነው፤ እዚያ ባለ ሥልጣን አለ ይላል። አንዳንዴ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ ያለው የታመመ ሰው ነው።

ከዚያ 2002 መጣ። በኅዳር ተከዜ፣ 300 ሜጋዋት። በጥር ጊቤ ሁለት፣ 420። በግንቦት ጣና በለስ፣ 460። ጊቤ ሁለት ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወደ 26 ኪሎ ሜትር ከሚሆነው ዋሻው አንዱ ክፍል ተደርምሶ ለወራት ቆመ፤ ያም ሆኖ አገሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ያገኘው ከዚያ በፊት በሙሉ ታሪኩ ካገኘው ይበልጣል። 1,180 ሜጋዋት። ጋሼ ቁጥሩን በሲጋራ ወረቀት ላይ ደምሮ ለግቢው አሳየ። እቴቴ ካውያ ፈቀዱ።

መብራት መጥፋቱን አላቆመም።

ይህ ነው እኔን ከፈረቃው በላይ የገረመኝ። በፈረቃ ጊዜ የምንረግመው ሰማዩን ነበር፤ ተራችንን እናውቃለን፣ ሊጡን በዚያ ልክ እናቦካለን። አሁን ውኃው አለ፣ ተርባይኑ አለ፣ መስመሩ ቃሊቲ ይደርሳል፤ ከቃሊቲ እኛ ቤት አይደርስም። ሲጠፋም ቀን አይመርጥም። ከሚበራው ግቢ አጠገብ ያለው ግቢ ይጨልማል። ሰው ይጣላል። «እነሱ ሰው አላቸው» ይባባላል። ጋሼ አንድ ቀን በዚህ ነገር ሊደባደቡ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶችን ምሰሶው ሥር አቁሞ ወደ ላይ አሳያቸው። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ሦስት ፌዝ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ከአንዱ ላይ ይቀጠላል። ሰፈሩ ሲሠራ እኩል ተከፋፍሎ ነበር። ከዚያ ሰው ቤቱን ከፈለ፣ ሰርቪስ ሠርቶ አከራየ፣ ከጎረቤት ሳበ። አንዱ ፌዝ ተጨናነቀ፣ ቫልቮላው ተቃጠለ፤ በእሱ ላይ ያሉት ጨለሙ፣ የቀሩት በሩ። ሰው የላቸውም፤ ሌላ ፌዝ ነው ያላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ነገሩ ባሰ፤ ሰፈሩ የፌዝን ነገር ስላወቀ በየማታው መሰላል እየያዘ ከጨለመው ወደበራው የሚቀይር ወጣት ተፈጠረ። የበራው ደግሞ በማግስቱ ይቃጠላል።

የሰፈራችን ትራንስፎርመር 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ነበር። በምጣድ ሲታሰብ ዘጠና ምጣድ ነው፤ አምፖልም ፍሪጅም ሳይጨመር። በዚያ ትራንስፎርመር ሥር ያለውን ቤት የቆጠረው ሰው የለም እንጂ በፋሲካና በገና ዋዜማ የሚሰካው ምጣድ ከዘጠና እንደሚበልጥ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አምፖሉ መጀመሪያ ይደክማል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ይቀላና እንደ ፍም ይሆናል፣ ብርሃን አይሰጥም ግን አለ። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ምጣዱን ከመንቀል ይልቅ «ሳይጠፋ ልጨርስ» ብለው ይፈጥናሉ። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ፍንዳታ ይሰማል። ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። በዓሉ በሻማ ይገባል።

ከሁሉም የከፋው ግን መጥፋቱ አይደለም፤ መብዛቱ ነው። አንድ የነሐሴ ማታ ነፋስና ዝናብ ሆኖ ያረጀው ሽቦ ተወዛወዘ፣ የኒውትራሉ ገመድ ተበጠሰ። ኒውትራል ሲበጠስ ቤቱ በ220 ፋንታ እስከ 380 ሊገባበት ይችላል። እኛ ይህን የምናውቀው በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ያየነው አምፖሉ ነጭ ሆኖ ሲያበራ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ «ዛሬስ መብራት መጣ!» ብሎ አጨበጨበ። ቴሌቪዥኑ ከጀርባው ጢስ ተፋ። እናቴ ዕቁብ ጥላ የገዛችው ቴሌቪዥን ነበር። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ሰማዩ ሲጉረመረም ሁሉም ሰው ወደ ሶኬት ይሮጣል፤ ወንድሜ አሁን ባለትዳር ነው፣ ዛሬም ይሮጣል።

የ2011ዱን ፈረቃ በኮንዶሚኒየም ነው ያሳለፍኩት፤ አራተኛ ፎቅ፣ እናቴን ይዤ። ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት ተብሎ የተመረቀ ግድብ ነው፤ በዚያ ግንቦት ውኃው ጎደለና ከ400 ሜጋዋት በላይ ጎደለ ተባለ። ቀኑ በሦስት ተከፈለ፤ ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 4፣ ከዚያ እስከ ቀኑ 10፣ ከዚያ እስከ ምሽቱ 3። ኮንዶሚኒየም ከጨርቆስ ግቢ የሚለየው ከሰል ማንደጃ ስለሌለው ነው። ፓምፑ ሲቆም ውኃውም አይወጣም። እናቴ ምድጃዋን በረንዳ ላይ ስታወጣ ከታች ፎቅ ያለችው ሴትዮ ጢሱ ልብሴን አበላሸ ብላ መጣች፤ እናቴ ሻይ አስቀምጣ አስታረቀቻት። ከዚያ የተለየ የማወራው ነገር የለም። ሰው ሁሉ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ጠበቀ፣ ክረምቱ ገባ፣ አለቀ።

ስለ ሕዳሴው ግድብ ስናወራ እናቴ ቦንዷን ሣጥኗ ውስጥ እንዳስቀመጠች ሳትናገር አታልፍም። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ተጣለ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋዋት። ጋሼ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ምርቃቱን እኛ ቤት መጥቶ ነው ያየው። እሱ በ1995 ይደምራቸው የነበሩት ጣቢያዎች ሁሉ ተጨምቀው የዚህን አንድ አሥረኛ አይሞሉም። ዝም ብሎ አየ። ሥነ ሥርዓቱ ሳያልቅ ግን ጫማውን አድርጎ ተነሳ።

«ወዴት ነው ጋሼ?» አልኩት።

«ትራንስፎርመራችሁን ልየው።»

አስፋልቱ ዳር ምሰሶ አጣ። በኮሪደር ልማቱ ገመዱ መሬት ውስጥ ገብቷል፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ አበባ ተተክሏል። ጋሼ ግማሹን ወደደው፤ በገመድ ላይ ዛፍ አይወድቅም፣ ነፋስ አይነካካውም አለ። ግማሹ ግን ቅር አሰኘው፤ ዓይኑ የለመደው ከምሰሶ ምሰሶ እየተከተለ ማንበብ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብለን ወደ ውስጠኛው ሰፈር ስንዘልቅ የእንጨት ምሰሶዎቹ እንደ ድሮው ቆመዋል፤ አንዱ አዘንብሎ በሽቦዎቹ ተይዟል። የሕንፃዎቻችንን ትራንስፎርመር እዚያ አገኘው። መነጽሩን አወጣ። ሰሌዳውን አነበበ፣ ቤቶቹን ቆጠረ፣ ፎቆቹን ቆጠረ፣ ሬስቶራንቱን አየ፣ ሬስቶራንቱ ውስጥ ስንት ምድጃ እንዳለ ሊጠይቅ ሲገባ እጁን ይዤ መለስኩት። ግድቡ ያለው አንድ ቦታ ነው፣ ይሄ ግን በየመንገዱ ነው ያለው፣ ለዚህ ማን ቦንድ ይገዛል እያለ አጉረመረመ። በዚህ ነጥብ ከእሱ ጋር ነኝ። ግድብ ሲመረቅ ሙዚቃ አለ። ያረጀ ሽቦ ሲቀየር ሪባን የሚቆርጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቤት ሲመለስ የትራንስፎርመሩን ቁጥር ከደረቱ ኪስ በወጣች ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፈልን። «ሲጠፋ ስትደውሉ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ፣ ወፍጮው ጋ አትበሉ። ይህን ቁጥር ንገሩ፤ ሰው ፍለጋ አይዞርም» አለ። ፍሪጁ ላይ ለጠፍናት።

በጥምቀት ሰሞን ጠፋና ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ጻፈችው፤ ደግሜ እንዳነብላትም ጠየቀችኝ፣ አነበብኩላት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «እሺ እናቴ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ነው የሚቀርበው ለወፍጮ ቤቱ?» አለችኝ።